«ሚት» ሁልጊዜ ሥጋ አይደለም፦ የድሮ እንግሊዝኛ ለምትተረጉሙ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወጣት ተርጓሚ ረቂቁን አሳየኝ። ምንጩ በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ዘሌዋውያን ምዕራፍ 2። እንግሊዝኛው «ሚት» ስለሚል ርዕሱን «የሥጋ ቁርባን» ብሎታል። ወረድ ብዬ ሳነብ ዱቄት አለ፣ ዘይት አለ፣ ዕጣን አለ። ሥጋ የለም። ይህን ስህተት ስንቴ እንዳረምኩ ቁጥሩ ጠፍቶብኛል።

በዛሬ ትርጉም የድሮ ጽሑፍ አታንብቡ። «ሚት» በጥንቱ እንግሊዝኛ ማንኛውም ምግብ ነበር። ዳቦውም ፍሬውም «ሚት» ነው። ሥጋን ለይተው ሲጠሩ «ፍሌሽ» ይሉ ነበር። ቃሉ ቀስ በቀስ ጠበበና ለሥጋ ብቻ ቀረ፤ ሰፊውን ቦታ «ፉድ» ወሰደው። ስዊድኖች ግን ዛሬም ምግብን «ማት» ይሉታል፤ ግንዱ አንድ ነው። እንግሊዞችም ጣፋጭን «ስዊትሚት» ሲሉ የድሮው ትርጉም አብሯቸው አለ። ዘፍጥረት 1፥29ን ክፈቱ። ለሰው የተሰጠው ቡቃያና ፍሬ ነው፤ የእንግሊዝኛው ቃል ደግሞ ያው «ሚት»። አማርኛው «መብል» ይላል። «ሥጋ» ብላችሁ ብትጽፉ አንባቢው ምን ይረዳ?

ይህ ለእኛ እንግዳ መሆን አልነበረበትም። «ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም» ያለ ሰው ስለ ስንዴና ገብስ እያወራ አይደለም። ቃላችን ከአንድ ነገር ተነሥቶ ለምግብ ሁሉ ሰፋ፤ የእነሱ ደግሞ በተቃራኒው ጠበበ።

«ኮርን»ንም በቆሎ አትበሉት፤ በድሮው እንግሊዝኛ ማንኛውም እህል ነው። በቆሎ የመጣው ከአሜሪካ አህጉር ነው፤ በወንጌል የኢየሱስ ደቀ መዛሙርት የቀጠፉት «ኮርን» እሸት ነው።

«ፕሪቬንት» ላይ እኔም ወድቄአለሁ። 1 ተሰሎንቄ 4፥15ን «አንከለክላቸውም» ብዬ አስረክቤ ነበር። በዚያ ዘመን ቃሉ መቅደም ማለት ነው። አንዲት አንጋፋ አርታዒ የአማርኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው «አንቀድምም» የሚለውን በጣታቸው አሳዩኝ። ለሐዘንተኛ የሚነበብ ክፍል ስለሆነ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በተቃራኒው የሚሳሳቱም አሉ። «ናይስ» ድሮ አላዋቂ ማለት ነበር ብለው ዛሬ የሚናገረውን ሰው ያርማሉ። እባካችሁ ተዉት። ሰውየው የሚናገረው የዘመኑን እንግሊዝኛ ነው።

ስትጠራጠሩ የኦክስፎርድን ትልቁን መዝገበ ቃላት እዩ፤ እያንዳንዱን ፍቺ ከነዓመቱ ያስቀምጣል።

ልጁ ርዕሱን «የእህል ቁርባን» ብሎ ትናንት መልሶ ላከልኝ። አሁን ዘፍጥረትን እንደገና እያየው ነው።