«ፊቴን ምን ነካው?» ከምልክቱ ተነስቶ መነሻውን መፈለግ

አንድ ሰሞን ሎሚና ማር ለውሼ ፊቴን ቀባሁ። ከጓዳ የወጣ ነገር ምን ያደርገኛል ብዬ ነው። ለቅለቅ አድርጌ ታጠብኩና በረፋድ ፀሐይ ልብስ ማስጣት ጀመርኩ። በማግስቱ ግራ ጉንጬ ቀልቶ አበጠ። ቆይቶ ቦታው ጠቆረ፣ ጥቁረቱ እስኪለቀኝም ወራት ፈጀ። ለካ ሎሚ ውስጥ ያለው ነገር ቆዳ ላይ ቀርቶ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። ይህን ያወቅኩት ከተቃጠልኩ በኋላ ነው።

ስለዚህ ፊትሽ ሲቆጣ ሱቅ አትሩጪ። ቀንሺ። ለሁለት ሳምንት ያህል ለስላሳ መታጠቢያ፣ አንድ ማለስለሻ ቅባትና ሰንስክሪን (ከፀሐይ የሚከላከል ቅባት) ብቻ፣ በቃ። ሲረጋጋ ሌላውን አንድ በአንድ መልሺ። አምስቱን ባንዴ ከጀመርሽ ጥፋተኛውን መቼም አታገኚውም።

ታጥበሽ ስትጨርሺ ፊትሽ ይወጠራል፣ ይነጣል

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሳሙና ነው። ጤናማ ቆዳ ትንሽ አሲዳማ ነው፤ ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበረታል) 5 አካባቢ ይሆናል። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ከ9 እስከ 10 ይደርሳል። ቆሻሻውን ብቻ ሳይሆን ቆዳው ራሱን የሚጠብቅበትን ቅባትም ይዞ ይሄዳል። ማታ ሳሙና ባልሆነ ለስላሳ መታጠቢያ ታጠቢ፣ ጠዋት ውኃ ይበቃል። ፎጣውን ጠበቅ አድርገሽ አትፈግፍጊ። ፊትሽ ገና እርጥብ ሳለ ማለስለሻውን ቀቢ። ገንዘብ ከሌለሽ ያለ ሽቶ የተሠራ ተራ ቫዝሊን በስሱ መቀባት ያገለግላል፣ አትናቂው።

ብጉሩ ግንባርሽ ላይ ብቻ ነው

ጉንጭሽ ንጹሕ ሆኖ ከፀጉርሽ ሥር ወረድ ብሎ ትንንሽ ብጉር ከተደረደረ ፊትሽን ተይና ፀጉርሽን ጠይቂ። ቅቤ ተቀብተሽ በሻሽ ጠቅልለሽ ትተኛለሽ። ሌሊት ሲሞቅ ቅቤው ይቀልጥና ወደ ግንባርሽ ይወርዳል፣ የቆዳሽን ቀዳዳዎችም ይዘጋል። የፀጉር ዘይትና ጄልም እንደዚያው ነው።

ቅቤ ተዪ አልልም፣ እናቴ አትሰማኝም እንጂ ብትሰማኝ ትቆጣለች። ከግንባርሽ ሁለት ጣት ያህል ርቀሽ ጀምሪ። በሻሹ ዳር ላይ የጥጥ ጨርቅ አድርጊ። ስትነሺ ግንባርሽን ታጠቢ። ትራስ ልብሱንና ሻሹን ደግሞ ቶሎ ቶሎ እጠቢ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው ይህንን ነው። ብጉሩ በሳምንት አይጠፋም፣ ጥቂት ሳምንታት ታገሺ። ብጉሩን ከፈነዳሽው ግን በእኛ ቆዳ ላይ የሚተወው ጥቁር ምልክት ከብጉሩ በላይ ይቆያል።

«ተፈጥሯዊ» የተባለው ያቃጥላል፣ ያሳክካል

የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እንኳ በመዋቢያ ላይ «ተፈጥሯዊ» ለሚለው ቃል ያወጣው ትርጉም የለም። ማንም ይጽፈዋል። ከአበባና ከቅጠል የሚወጡ ጥሩ ሽታ ያላቸው ዘይቶች ራሳቸው አለርጂ ከሚያመጡት መካከል ናቸው። ሬትም ቢሆን ሲቆረጥ የሚወጣው ቢጫ ፈሳሽ ያሳክካል። ቅጠሉን ቀጥ አድርገሽ አቁሚውና ቢጫው ይንጠፍጠፍ፣ ከዚያ እጠቢው፣ ከውስጥ ያለውን ግልጹን ብቻ ውሰጂ።

የተገዛ ከሆነ ማሸጊያውን ገልብጪ። «ፓርፉም» ወይም «ፍራግራንስ» የሚል ካየሽ መልሺው። «ሽታ የለውም» የሚለው ላይ ተጠንቀቂ፣ ሽታውን ለመሸፈን ሌላ ሽታ ተጨምሮበት ሊሆን ይችላል። «ሽቶ አልተጨመረበትም» የሚለውን ፈልጊ። አዲሱን ነገር ፊትሽ ላይ ከማድረግሽ በፊት ክንድሽ እጥፋት ላይ በቀን ሁለት ጊዜ ከ7 እስከ 10 ቀን ሞክሪው። ይሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን ማንም ክንድሽን አያይም።

ፊትሽ በሳምንት ጠራ፣ ከዚያ ቀላ፣ ሳሳ

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ማድያት ወይም ጠባሳ «በሰባት ቀን ያጠፋል» ተብሎ የሚሸጥ ክሬም ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን የሚባል ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ይኖረዋል። መጀመሪያ ያምራል። ሲቆይ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ብጉር ይወጣል። ስታቆሚው ደግሞ ይነድሻል፣ ስለዚህ ትመለሽበታለሽ።

ሌላው ሜርኩሪ ነው። ኩላሊት ይጎዳል፣ በፎጣና በንክኪም ወደ ልጆች ይተላለፋል። ሚናማታ በሚባለው ዓለም አቀፍ የሜርኩሪ ስምምነት መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2020 በኋላ ሜርኩሪ የተጨመረበት የቆዳ ማንጫ ክሬም ማምረት፣ ከውጭ ማስገባትና ወደ ውጭ መላክ ታግዷል፣ ገበያ ላይ ግን አሁንም ይገኛል። አንድ ማወቂያ አለ፦ መመሪያው ላይ «ከወርቅ፣ ከብርና ከአሉሚኒየም ጋር እንዳይነካካ» የሚል ከተጻፈ፣ ወይም ዝርዝሩ ላይ «ካሎሜል» የሚል (ያው ሜርኩሪ ነው) ካየሽ አትንኪው። ስም አልባ ብልቃጥ ውስጥ ተቀይጦ የሚሸጠውንም እንደዚሁ።

ስቴሮይዱን ለወራት ተጠቅመሽው ከሆነ በራስሽ ድንገት ከማቆም የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ። አዲስ አበባ ያለሽ ከሆነ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ። ስትሄጂ ብልቃጡን ይዘሽ ሂጂ፣ አትፈሪ።

ሜካፑ አመድ የተነሰነሰ ያስመስልሻል

ቀለሙ ፈዛዛ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የቆዳሽ ውስጠ ቀለም ወደ ቀይ ወይም ወደ ወርቃማ ሲያደላ ፋውንዴሽኑ ወደ ሮዝ ካደላ ይገረጣል። እጅሽ ጀርባ ላይ አትሞክሪው፤ አገጭሽ ጠርዝ ላይ በሦስት የተለያየ ቀለም ሦስት መስመር አድርጊና ከሱቁ ወደ ደጅ ውጪ። ሩብ ሰዓት ጠብቂ፣ አንዳንዱ ከቆዳሽ ቅባት ጋር ሲገናኝ ይጠቁራል። የጠፋው መስመር ያንቺ ነው።

ነጭ የሚያደርግሽ ሰንስክሪን ከሆነ ዚንክ ወይም ቲታኒየም አለበት ማለት ነው። ቀለም ያለውን ምረጪ፤ ቀለሙን የሚሰጠው አይረን ኦክሳይድ ማድያት ላለባትም ይጠቅማል፣ ፋውንዴሽኑንም ያስተውሻል። የሰንስክሪኑ የመከላከያ ቁጥር (SPF) 30ና ከዚያ በላይ ይሁን፣ ልኩም ሁለት ጣት ሙሉ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል አይታወቀንም እንጂ ፀሐይዋ ትበረታለች።

ዓይንሽ ያሳክካል፣ ያለቅሳል

ማስካራሽ ከተከፈተ ሦስት ወር ካለፈው ጣይው። የእህትሽንም ማስካራ አትጠቀሚ። ኩል ከሆነ ግን ምን እንደተፈጨ ጠይቂ። ገበያ ላይ ያለ ኩል ብዙ ጊዜ እርሳስ የተባለው ብረት ይገኝበታል፤ አሜሪካ ውስጥም ለዚህ ሲባል አይፈቀድም። እርሳስ ከሁሉ በላይ ትንሽ ልጅ ይጎዳል፣ ስለዚህ ለሕፃን «ዓይኑን ያጠራለታል» ተብሎ ቢመጣልሽ እምቢ በይ።