ባሩ ሙሉ፣ ዳታው የለም፦ የጎረቤት ሴሎች ሲረባበሹ

ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ስልኩ ላይ ባሩ ሙሉ ነው፤ ቪዲዮው ግን ይሽከረከራል። ብዙ ሰው "ሲግናሉ ደክሟል" ብሎ ራውተሩን ጣራ ላይ ይሰቅላል። እኛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ይሄ ብዙ ጊዜ ነገሩን ያባብሰዋል።

መሬቱን አስቡት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት 1,300 ሜትር አካባቢ። ጣርማ በር አፋፉ ላይ ስትቆሙ ቆላው ሁሉ ከእግራችሁ ስር ነው። ዓይን ያልተከለለበት ቦታ የሩቅ ታወር ሲግናልም ሳይከለል ይደርሳል። ሴል ማለት የታወር አንድ አንቴና የሚሸፍነው አካባቢ ነው፤ የ4ጂ ጎረቤት ሴሎች ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ፍሪኩዌንሲ ነው የሚሠሩት። ከገደል ማዶ ሦስት ሰው እኩል ቢጣራችሁ ድምፁ ይሰማል፤ ማን ምን እንዳለ ግን አይለይም።

ከመግዛታችሁ በፊት ለኩ። የራውተሩ ገጽ ላይ ሁለት ቁጥር አለ። አርኤስአርፒ (RSRP) የሲግናሉ ጉልበት ነው፤ ኤስአይኤንአር (SINR) ጥራቱ። አርኤስአርፒ -85 ሆኖ ኤስአይኤንአር ከ5 በታች ከወረደ፣ ያ የጎረቤት ሴል ረብሻ ነው ብላችሁ ጠርጥሩ። አርኤስአርፒ -115 ከሆነ በእርግጥም ሲግናሉ ደካማ ነው። ሁለቱም ጥሩ ሆነው ማታ ማታ ብቻ የሚንቀራፈፍ ከሆነ ሴሉ በሰው ተጨናንቋል፤ ለሱ አንቴና አይረዳም።

ለረብሻው መድኃኒቱ አንቴናውን ከሩቆቹ ታወሮች መደበቅ ነው። ከደብረ ሲና በላይ አንድ ቤት አንቴናውን ከጣራ አውርጄ፣ በወፍራሙ የድንጋይ ግድግዳ ከቆላው ከልዬ፣ ወደ ቅርቡ ታወር አዞርኩት። ኤስአይኤንአር ከ2 ወደ 14 ወጣ። አርኤስአርፒ ግን ቀነሰ! ባለቤቱ ደነገጡ፤ እኔ ደስ አለኝ። አንቴና ስትገዙ አንድ አቅጣጫ የሚያየውን ምረጡ፤ ዙሪያውን የሚሰማው ረብሻውንም አብሮ ይሰበስባል። ትንሽ አዙሩ፣ አንድ ደቂቃ ጠብቁ፣ ኤስአይኤንአርን አንብቡ። የሲግናል ማጉያ አትግዙ፤ ረብሻውንም አብሮ ያጎላል፣ ታወሩንና ጎረቤትንም ይበጠብጣል።

የሴል ቁጥሩ (ራውተሩ የያዘው ሴል መለያ) ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ከሆነ፣ ራውተሩ ከፈቀደ አንዱ ሴል ላይ ቆልፉት።

ሰፈሩ ሁሉ ከተቸገረ ግን ሥራው የኦፕሬተሩ፣ ማለትም የቴሌኮም ድርጅቱ ነው። ቆላው ላይ ያለው አንቴና ጥቂት ዲግሪ ወደ ታች ቢዘነብል ወደ ደጋው የሚያፈሰው ይቀንሳል። የሴሎች መለያ ቁጥርም ይታይ፤ በኤልቲኢ (በ4ጂ) 504 መለያ ብቻ ነው ያለው። ለ3 ሲካፈል ቀሪያቸው እኩል የሆነ ሁለት ጎረቤት ሴሎች ስልኩ ሲግናላቸውን የሚለካበት ምልክት ሊጋጭ ይችላል። ሴሎቹ እርስ በርስ ተነጋግረው ድንበር ላይ ላለ ሰው የተለያየ የፍሪኩዌንሲ ክፍል የሚመድቡበት አሠራርም አለ።

ስታመለክቱ "ኔትወርክ የለም" ብቻ አትበሉ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሴል ቁጥሩንና ሁለቱን ንባቦች ጽፋችሁ ስጡ።