የማለስለሻና የአቧራ መምጠጫ ማሽን ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች፦ ለሐዋሳ አነስተኛ የእንጨት ሥራ ቤቶች

ሐዋሳ ውስጥ በቆርቆሮ ሼድ ሥር የሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት የመጀመሪያውን ደህና ገንዘብ ሲያገኝ መጋዝ ይገዛል፤ ቀጥሎ መላጊያ፣ ከዚያም ሳንደር (በብርጭቆ ወረቀት የሚያለሰልስ ማሽን)። የአቧራ መምጠጫው ጉዳይ ግን «ሥራው ሲሰፋ» ተብሎ ይቆያል፣ ብዙ ጊዜም እንደቆየ ይቀራል። ከስህተቶቹ ሁሉ የሚከፋው ይህ በመሆኑ የምጀምረው ከእርሱ ነው። ሳንደር እንጨትን ወደ ደቃቅ ብናኝ የሚለውጥ ማሽን ነው፤ ብናኙ ወዴት እንደሚሄድ ሳይወስኑ እርሱን መግዛት ጭስ መውጫ በሌለው ጓዳ ውስጥ ምድጃ እንደ መሥራት ነው። ሁለቱ በአንድ በጀት ሊታሰቡ ይገባል። ገንዘቡ ካልበቃም መካከለኛ ሳንደር ከደህና መምጠጫ ጋር መግዛት፣ ውድ ሳንደር ብቻውን ከመግዛት እንደሚሻል በጽኑ አምናለሁ።

ሁለተኛው ስህተት አደጋውን በዓይን በሚታየው መለካት ነው። ከመጋዝና ከመላጊያ የሚወጣው ሰጋቱራ ከባድ ስለሆነ እግር ሥር ይወድቃል፤ ያስቸግራል እንጂ ወደ ሳንባ አይገባም። ወደ ሳንባ የሚዘልቀው ከ10 ማይክሮን (አንድ ማይክሮን የሚሊሜትር አንድ ሺኛ ነው) በታች የሆነው ብናኝ ሲሆን፣ የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ መሆኑን ስናስብ ለምን እንደማይታየን ይገባናል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1995 የእንጨት ብናኝን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያስከትሉ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ ውስጥ አስገብቶታል፤ በተለይ የሚያያዘውም ከአፍንጫና በዙሪያው ካሉት የአጥንት ክፍተቶች ካንሰር ጋር ነው። ይህ ደቃቅ ብናኝ ማሽኑ ከጠፋ በኋላም ለሰዓታት አየር ላይ ይንሳፈፋል። በለማጅነቴ ዘመን ማታ ማታ ወለሉን በደረቅ መጥረጊያ የምጠርገው እኔ ነበርኩ፤ ዛሬ ሳስበው የሼዱን የከፋ አየር የሚተነፍሰው ቀኑን ሙሉ ሳንደር የያዘው ባለሙያ ብቻ ሳይሆን፣ የረጋውን ብናኝ መልሶ የሚያስነሳው ያ ለማጅ ልጅ ጭምር ነው።

ከዚህ የሚቀጥለው ስህተት ደግሞ መምጠጫ ገዝተውም የሚሠሩት ነው፤ ማጣሪያውን አለማየት። ከትልቅ አቧራ ሰብሳቢ ማሽን ጋር አብሮ የሚመጣው የጨርቅ ከረጢት ብዙውን ጊዜ 30 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነውን ብቻ የሚይዝ ነው። ሰጋቱራው ከረጢቱ ውስጥ ይቀራል፣ ጎጂው ብናኝ ግን በጨርቁ ቀዳዳ አልፎ እንደገና ወደ ሼዱ ይነፋል፤ ወለሉ ንጹሕ ሆኖ አየሩ ይቆሽሻል። ይህን ማረጋገጥ የፈለገ ሰው ማታ መብራት አጥፍቶ፣ ማሽኑን አስነሥቶ፣ በከረጢቱ አጠገብ ባትሪ ያብራ፤ በብርሃኑ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ራሱ ያያል። ሲገዙ 1 ማይክሮን የሚይዝ ከረጢት ወይም የታጠፈ የካርትሪጅ ማጣሪያ ያለውን መጠየቅ ይገባል። የሚገዙት ቫኪዩም (በጠባብ ቱቦ የሚስበው ትንሹ መምጠጫ) ከሆነ በአውሮፓ ደረጃ «ኤም» የተባለውን ምድብ መፈለግ ጥሩ ነው፤ የኤም ምድብ ከገባው ብናኝ 99.9 በመቶ የሚሆነውን መያዝ አለበት።

እዚህ ላይ ለእኛ አገር የሚመች፣ ብዙ ጊዜ ግን የምንዘነጋው መፍትሔ አለ። በብርድ አገር ያሉ አናጢዎች የተጣራውን አየር ወደ ቤት ለመመለስ የሚገደዱት በማሞቂያ ያሞቁትን አየር ላለማጣት ነው። ሐዋሳ ላይ ይህ ጭንቀት የለብንም። አቧራ ሰብሳቢውን ከግድግዳው ውጭ፣ ዝናብ በማይነካው ጥላ ሥር አስቀምጦ ቱቦውን ብቻ ወደ ውስጥ ማስገባት ይቻላል፤ ከማጣሪያው የሚያመልጠው ወደ ሠራተኛው ሳንባ አይመለስም፣ ድምፁም ይቀንሳል። ሆኖም መውጫው ወደ ጎረቤት በር ወይም መስኮት እንዳይዞር፣ በክረምት በሩ ሲዘጋም አየር የሚገባበት ቦታ እንዲኖር ማሰብ ግድ ነው፤ የሚገባ አየር ከሌለ የሚወጣም የለም።

አራተኛው ስህተት ሁለት የተለያዩ ማሽኖችን አንድ አድርጎ ማየት ነው፤ በዚህ ምክንያት ብዙ ገንዘብ ሲባክን አይቻለሁ። ባለ ከረጢቱ አቧራ ሰብሳቢ ብዙ አየር በአነስተኛ የመሳብ ኃይል ያንቀሳቅሳል፤ ኃይሉ በውሃ ቢለካ ውሃን በቱቦ 25 ሳንቲሜትር ገደማ ከፍ ቢያደርግ ነው። ቫኪዩም ግን የሚስበው አየር ጥቂት ሆኖ ኃይሉ ውሃን 2 ሜትር ያህል ከፍ ያደርጋል። ስለዚህ ሰፊ አፍ ላለው መላጊያና መጋዝ ባለ 100 ሚሊሜትር ቱቦ አቧራ ሰብሳቢ፣ ጠባብ አፍ ላለው የእጅ ሳንደር ደግሞ ከ27 እስከ 36 ሚሊሜትር ቱቦ ያለው ቫኪዩም ይስማማል። አንዱን በመቀነሻ አፍ ከሌላው ጋር ማገናኘት እንደማያዋጣ ቁጥሩ ይናገራል፤ የእጅ ሳንደር ከትልቁ ሰብሳቢ ጋር ሲያያዝ አየሩ በጠባቡ አፍ ይታነቃል፣ መላጊያ ከቫኪዩም ጋር ሲያያዝ ደግሞ ወዲያው ይደፈናል። ለሁለቱም ገንዘብ የሌለው ሥራ ቤት ቫኪዩሙን ያስቀድም፤ የሚጎዳው ብናኝ ከሳንደሩ ነውና።

በማሽኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ ማመንም ያሳስታል። የአየር መጠኑ የሚለካው አብዛኛውን ጊዜ ቱቦም ማጣሪያም ሳይኖር ነው። የእንጨት ብናኝ ቱቦ ውስጥ ሳይረጋ እንዲሄድ አየሩ በሰከንድ 20 ሜትር ያህል መፍጠን አለበት፤ ይህ በ100 ሚሊሜትር ቱቦ ሲሰላ በሰዓት 565 ሜትር ኩብ ነው፣ እርሱም ማሽኑ ከሥራው አፍ ላይ የሚያደርሰው እንጂ በወረቀት ላይ ያለው አይደለም። በዚህ ላይ ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው ከአንድ ስድስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ የማራገቢያው የመሳብ ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል፣ ሞተሩም በሳሳ አየር በደንብ አይቀዘቅዝም። የኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ 60 ኸርዝ ከሆነበት አገር የመጣ ያገለገለ ማሽን ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ በእኛ 50 ኸርዝ ሞተሩ በአንድ ስድስተኛ ቀስ ብሎ ሲዞር የመሳብ ኃይሉ ወደ 70 በመቶ ይወርዳል፤ ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አያስተካክልም።

ቱቦን በተመለከተ በአጭሩ፦ የተሸበሸበ ተጣጣፊ ቱቦ ከለስላሳው ይልቅ አየርን በብዙ እጥፍ ስለሚገታ ከማሽኑ አጠገብ ላለው አጭር ርቀት ብቻ ይዋል፤ ቀሪው መስመር በቆርቆሮ ሠሪ እጅ ከላሜራ ቢሠራ ይሻላል። ማጠፊያዎቹ ሰፋ ያሉ ይሁኑ።

ወደ ሳንደሩ ራሱ ስንመጣ፣ ዋናው ስህተት የብርጭቆ ወረቀቱን ሳያዩ ማሽኑን መግዛት ነው። ባለ 125 ሚሊሜትር ኦርቢታል ሳንደር (ክብ መደቡ በትንሽ ዙር እየተርገበገበ የሚያለሰልስ) ለአነስተኛ ሥራ ቤት ይበቃል፤ ነገር ግን የብርጭቆ ወረቀቱ ቀዳዳ ከማሽኑ መደብ ቀዳዳ ጋር ካልገጠመ ብናኙ የሚሳብበት መንገድ ይዘጋል፣ የተገዛው መምጠጫም በከንቱ ይጮኻል። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት በገበያው ላይ ዘወትር የሚገኘው ወረቀት ስንት ቀዳዳ እንዳለው ይመልከቱ። ጽድ በሙጫው ወረቀት ስለሚደፍን ቶሎ ይጨርሳል፣ ኤምዲኤፍ (ከተፈጨ እንጨት ተጨምቆ የሚሠራ ጣውላ) ደግሞ እጅግ የደቀቀ ብናኝ ያወጣል፤ ሥራው በእነዚህ ላይ ያተኮረ ሰው ለወረቀትና ለማጣሪያ የሚያወጣውን አስቀድሞ ይቁጠር። በግራይንደር ላይ ወረቀት ገጥሞ ማለስለስ እንጨቱን ይቦረቡራል፣ መሳቢያም የለውም። አንዳንዶችን በታመቀ አየር የሚሠራ ሳንደር ሲያምራቸውም አያለሁ፤ በደቂቃ 300 ሊትርና ከዚያ በላይ አየር ስለሚፈልግ ባለ 2 ፈረስ ጉልበት ኮምፕረሰር (አየር ማመቂያ) አይችለውም።

መምጠጫው ሲነሣ ከመደበኛው ብዙ እጥፍ ኤሌክትሪክ ስለሚስብ የራሱ መስመርና ወፍራም ሽቦ ይሁንለት፤ ማስክም ከመምጠጫ በተጨማሪ የሚደረግ እንጂ በምትኩ የሚሆን አይደለም።

በመጨረሻ የማነሣው በከተማችን ብዙ ሼዶች የእንጨትና የብረት ሥራ አንድ ላይ ስለሚሠራባቸው ነው። ብረት በሚቆርጥ ግራይንደር አጠገብ መምጠጫ ማስነሣት፣ ወይም በዚያው ቫኪዩም የብረት ብናኝ መሳብ ፈጽሞ ሊደረግ አይገባም። አንዲት ፍንጣሪ ሰጋቱራ ወደሞላበት ከረጢት ከገባች ሳትታይ ለሰዓታት ልትከስልና ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ከሄደ በኋላ ልትቀጣጠል ትችላለች። የብረቱ ሥራ በግድግዳ ይለይ፤ ከረጢቱም በየማታው ይራገፍ፤ የተራገፈው ሰጋቱራም ከሼዱ ውጭ፣ ክዳን ባለው የብረት በርሜል ውስጥ ይደር።