ሽኝት ለምታዘጋጁ
የሥራ ባልደረባችሁ ወደ ውጭ ሊሄድ ነው? ሽኝቱን በመጨረሻው ሳምንት አታድርጉት፤ ያን ጊዜ ቤተሰቡ አይለቀውም። ቀኑ ደግሞ ሐሙስ ቢሆን ይሻላል። ዓርብ ለቢሮ ሰው ይመቻል፣ ግን ጾም ነው፤ ግማሹ ሰው ክትፎውን እያየ ሽሮ ሊበላ ነው። (ዐቢይ ጾም ከሆነማ ያው በያይነቱ ነው።)

ስጦታው ላይ ግን ጠንቀቅ በሉ። ሁላችሁም የፈረማችሁበት ባለመስታወት ትልቅ ፍሬም ያምራል፤ ተጓዡ ግን እናቱ ቤት ትቶት ነው የሚሄደው። ወደ አሜሪካ የሚበር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚፈቀድለት 23፣ 23 ኪሎ የሚመዝኑ 2 ሻንጣዎች ነው። እነሱንም በርበሬና ሽሮ ይሞላቸዋል። ፎቶውን ያለ ፍሬም አሳጥባችሁ ጀርባው ላይ ፈርሙለት። ከመዋጮው የተረፈውን በፖስታ አድርጋችሁ ስጡት።