የአሳ እጣቢ ማጣሪያው ሲያስቸግር

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ከቆሮሶና ከአምባዛ ፊሌቶ ጋር የታጠበው ደምና ፕሮቲን ወደ ሐይቁ ከገባ እዚያው ይቀራል። በአልትራፊልትሬሽን ሜምብሬን (ውሃን አሳልፎ ፕሮቲንን በሚያስቀር በጣም ደቃቅ ቀዳዳ ያለው ስስ ማጣሪያ) ከያዝነው ግን ለዶሮ መኖ ይሆናል። አነስተኛ ማጣሪያ ለምትሞክሩ፣ አብዛኛው ችግር የሚነሳው ከሜምብሬኑ ሳይሆን ከእሱ በፊት ካለው ሥራ ነው።

ችግር፦ ጠዋት ጥሩ የነበረው ፍሰት ከሰዓት በኋላ ወደ ጠብታ ወረደ

ምክንያት፦ ስብ፣ ቅርፊትና የስጋ ፍርፋሪ ሜምብሬኑን ደፍነውታል። ወይም ከአሲድ እጥበት በኋላ በደንብ አልተለቀለቀም። የአሳ ፕሮቲን የውሃው ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፤ 7 ገለልተኛ ነው) 5.5 አካባቢ ሲደርስ ይረጋና ይዘቅጣል።

መፍትሄ፦ እጣቢውን መጀመሪያ በሰፊ፣ ቀጥሎ በደቃቅ ወንፊት አሳልፉት። የተንሳፈፈውን ስብ ግፈፉ። ፒኤቹን 7 አካባቢ አቆዩት። እባካችሁ ግፊት አትጨምሩ! ፍሰት ሲቀንስ እጅ ወደ ቫልቩ ይሄዳል፤ ግን ግፊት በጨመረ ቁጥር ፕሮቲኑ ይበልጥ ይጠቀጠቃል። ግፊቱን ቀንሱ፣ በሜምብሬኑ ገጽ ላይ የሚያልፈውን ውሃ አፍጥኑ።

ስታጥቡ በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ውሃ ጀምሩ። የፈላ ውሃ ፕሮቲኑን እዚያው ያበስለዋል። ከዚያ ኮስቲክ ሶዳ፣ አምራቹ በፈቀደው መጠንና ሙቀት። በረኪና የሚያበላሻቸው ሜምብሬኖች ስላሉ መመሪያውን ሳታዩ አትሞክሩት። በመጨረሻ ንጹህ ውሃ አሳልፉና ፍሰቱን ለኩ። አዲስ እያለ ከነበረው በጣም ካነሰ፣ ከውሃው የመጣ ማዕድን ተጋግሮ ሊሆን ስለሚችል በሲትሪክ አሲድ እጠቡት።

ችግር፦ ሮቶው በአረፋ ተሞላ

ፓምፑ አየር እየሳበ ነው፣ ወይም እጣቢውን ከማጣሪያው ወደ ሮቶው የሚመልሰው ቱቦ ከላይ እያፈሰሰ ነው። የመሳቢያውን ማያያዣ አጥብቁ፣ የመመለሻውን ጫፍ ውሃው ውስጥ አጥልቁት። አረፋው ፕሮቲኑን ስለሚያበላሽ ችላ አትበሉት።

ችግር፦ ፕሮቲኑ ከተጣራው ውሃ ጋር ያመልጣል

የተጣራው ውሃ ከደፈረሰ ሜምብሬኑ ተቀዷል ወይም የጎማ ቀለበቱ አልያዘም። ጥርት ብሎም ፕሮቲን ካለበት ቀዳዳው ሰፊ ነው። አንዳንዱ የአሳ ፕሮቲን 12,000 ዳልተን (የሞለኪውል ክብደት መለኪያ) ገደማ ብቻ ነው፤ 50,000 ዳልተን የሚለው ሜምብሬን አይዘውም። 10,000 የሚለውን ምረጡ፤ ፍሰቱ ግን ይቀንሳል።

ችግር፦ ያጠራቀማችሁት ሸተተ

እጣቢው ሳይቀዘቅዝ ውሎ ነው። ከ4 ዲግሪ በታች አቆዩት፣ በዚያው ቀን አጣሩት።

ችግር፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ ማጣሪያው አልሠራም

ፕሮቲኑ ደርቆ ተጣብቋል። ከፍ ያለ ቦታ ላይ ንጹህ ውሃ የሞላ ሮቶ አስቀምጡ። መብራት እንደጠፋ ቫልቩን ከፍታችሁ ያለ ፓምፕ አለቅልቁት፣ ውሃ እንደያዘም ዝጉት።