የዓሳ ውሃ ስትቀይሩ እነዚህን ስህተቶች አትስሩ

አምና ለጥምቀት እንግዳ ይመጣብናል ተብሎ ቤቱ ሲጸዳ አኳሪየሙም ይጽዳ አልኩና በዋዜማው ውሃውን በሙሉ ደፋሁት፣ ጠጠሩን በኦሞ አሸሁት፣ የፊልተሩን ስፖንጅ ቧንቧ ስር ይዤ ነጭ እስኪሆን አጠብኩት፣ ከዛ የዛኑ ቀን የመጣውን ውሃ ሞላሁበት። ሲታይ እንዴት እንደሚያምር! ማታ ላይ ትልቁ ጎልድፊሽ ወደላይ ወጥቶ የውሃው ጫፍ ላይ አፉን ይከፍታል ይዘጋል፣ ይከፍታል ይዘጋል። ልጄ «ርቦት ነው» አለችኝና ምግብ ጨመርንለት። ጠዋት ሶስቱም በጎናቸው ተንሳፍፈው አገኘናቸው። ልጅቷ ያን ቀን ታቦት ሲገባ እንኳን አብራን አልሄደችም። እና ይሄን የምጽፈው ሌላ ቤት እንዳይደገም ነው።

ትልቁ ስህተት እሱ ነው፣ ሁሉንም ውሃ በአንዴ መቀየርና ሁሉንም ነገር አብሮ ማጠብ። ዓሳው ሲተነፍስም ሲጸዳዳም አሞኒያ ይለቃል፣ አሞኒያ ደግሞ ለሱ መርዝ ነው። ይሄን መርዝ የሚበሉ ባክቴሪያዎች አሉ፣ መጀመሪያ ወደ ናይትራይት ከዛ ጉዳቱ በጣም ወደሚያንሰው ናይትሬት ይለውጡታል፣ የሚኖሩትም በብዛት ውሃው ውስጥ ሳይሆን ስፖንጁና ጠጠሩ ላይ ተጣብቀው ነው። የእንጀራ ሊጥ የሚያቦካ ሰው ይሄ ወዲያው ይገባዋል፣ እርሾውን ጠራርጎ የደፋ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀምረው። ስፖንጁ ላይ ያለው ቡናማ ነገር እርሾአችሁ ነው በሉት። ስለዚህ በሳምንት አንዴ ሩብ ያህሉን ብቻ ቀይሩ፣ 80 ሊትር የሚይዝ አኳሪየም ከሆነ ባለ 20 ሊትሯ ቢጫ ጀሪካን አንድ ሙሉ ማለት ነው፣ ሌላ ሂሳብ አያስፈልገውም። ስፖንጁን ደግሞ ከአኳሪየሙ በወጣው ውሃ ውስጥ ሁለት ሶስቴ ጨመቅ ጨመቅ አድርጋችሁ መልሱት፣ ነጭ ካልሆነ ብላችሁ አትጨነቁ።

ሁለተኛው የኛ ከተማ የጎንደር ነገር ነው። ውሃ በፈረቃ ስለሆነ የመጣ ቀን ሁሉም ይሯሯጣል፣ በርሜል ይሞላል ልብስ ይታጠባል፣ የዓሳውም ውሃ በዛው ግርግር ከቧንቧ ቀጥታ ይቀየራል። ግን ቧንቧው ውስጥ ክሎሪን አለ፣ እኛን ከበሽታ የሚጠብቀን ክሎሪን የዓሳውን መተንፈሻ ያቃጥለዋል፣ ባክቴሪያዎቹንም ይገድላል። ውሃው አፉ ክፍት በሆነ ባልዲ ቢያንስ 24 ሰዓት ይቀመጥ፣ ኤር ፓምፕ ካስገባችሁበት ደግሞ ቶሎ ይወጣለታል። ሮቶ ውስጥ ሰንብቷል ብላችሁ አትተማመኑ ምክንያቱም ክዳኑ ዝግ ነው፣ ቀድታችሁ አሳድሩት። በርሜሉ ላይ እናታችሁ ውሃ አጋር ወይ በረኪና ጠብ አድርገውበት ከሆነም ጠይቁ፣ እንደገና ክሎሪን ገብቶበታል ማለት ነው። ክሎሪን ማጥፊያ ኮንዲሽነር ያገኘ ሰው በመመሪያው ልክ ይጠቀም። ከጠፋ ሰንብቶ የመጣ ውሃ ደግሞ መጀመሪያ ላይ ይደፈርሳል፣ እሱን ለሌላ ስራ አውሉት።

ቅዝቃዜው ደሞ አለ። ጎንደር ከባህር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ነው፣ በታህሳስና በጥር ጠዋት ግቢ ያደረ በርሜል ውስጥ እጃችሁን ስትከቱ ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ። ጉፒና ቤታ የሚባሉት ዓሳዎች ግን ከ24 እስከ 26 ዲግሪ የለመዱ ናቸው፣ በረዶ የመሰለ ውሃ ሲደፋባቸው ይደነግጣሉ፣ ከዛ ነጭ ነጥብ የሚባለው በሽታ ሊከተል ይችላል። ባልዲውን ቤት ውስጥ አሳድሩት፣ ካልበቃ ባልዲው ላይ እንጂ አኳሪየሙ ላይ ሳይሆን ትንሽ የፈላ ውሃ ጨምሩና በቴርሞሜትር ለኩት፣ እጅ ያታልላል፣ ልዩነቱ ከአንድ ሁለት ዲግሪ አይለፍ። ሌላው የከፍታው ጣጣ አየሩ ስስ መሆኑ ነው። እዚህ ውሃ የሚይዘው ኦክስጅን ሙቀቱ እኩል ሆኖ ባህር ዳርቻ ካለው ውሃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያንሳል። ስለዚህ ኤር ፓምፕ ለኛ ጌጥ አይደለም፣ ሌላ ቦታ አስር ዓሳ የሚችል አኳሪየም እዚህ አስር ላይችል ይችላል። ዓሳው ላይ ወጥቶ አፉን ሲከፍት እንደኛ ምግብ አትጨምሩለት፣ አየር ነው የፈለገው።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የማይጠረጥረውን ልንገራችሁ። ለወራት ሳይቀየር የቆየ ውሃ ካላችሁ ነቅታችሁ በአንድ ቀን ግማሹን እንዳትቀይሩ። ውሃው ሲያረጅ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፣ አሲድ ውስጥ አሞኒያው አሞኒየም ወደሚባል ብዙም ወደማይጎዳ መልክ ይቀየራል፣ ዓሳዎቹም ለምደውት ይኖራሉ። አዲስ ውሃ በብዛት ሲገባ ፒኤቹ (የአሲድ መለኪያው፣ ቁጥሩ ከፍ ሲል አሲዱ ቀነሰ ማለት ነው) በአንዴ ከፍ ይልና ከተጠራቀመው የተወሰነው ወደ መርዙ ይመለሳል። «ውሃ ስቀይርላቸው ነው የሞቱት፣ ባልነካቸው ይሻል ነበር» የሚባለው ከዚህ ሊመጣ ይችላል። አንድ አስረኛውን ብቻ ቀይሩ፣ ሁለት ቀን ቆይታችሁ ድገሙ፣ እንዲህ እንዲህ እያላችሁ ወደ ሳምንታዊው ጀሪካን ግቡ።

የጎደለውን መሙላትም መቀየር አይደለም። ወጥ እሳት ላይ ሲቆይ ውሃው ተኖ ጨው እንደሚበዛበት ማለት ነው፣ የሚተነው ንጹህ ውሃ ነው፣ ጨውና ናይትሬቱ እዛው ይቀራል። በቱቦ ከስር ከጠጠሩ መሃል ቆሻሻውን እየሳባችሁ አውጡና ከዛ ሙሉ።

ባልዲው ለዓሳ ብቻ ይሁን፣ ኦሞ የነካው ባልዲ ቢታጠብም አልመክርም። እጃችሁን ቅባት ከተቀባችሁ አትክተቱ። ሂተሩን ውሃ ከመቀነሳችሁ በፊት ንቀሉት፣ እየሰራ ከውሃ በላይ ከቀረ መስታወቱ ይሰነጠቃል፣ መብራት ጠፍቷል ብላችሁም ሶኬቱ ላይ አትተዉት ምክንያቱም መሃል ላይ ሊመጣ ይችላል። ጎርጎራ ሄዳችሁ ከጣና ውሃ በጀሪካን እንዳታመጡ፣ ከሃይቁ ውሃ ጋር አብሮ የሚመጣው ጥገኛ ተውሳክ በአይን አይታይም።

የወጣውን ውሃ ደግሞ ውሃ በጠፋበት ሰሞን ቦይ ውስጥ አትድፉት፣ ናይትሬቱ ለተክል ማዳበሪያ ነው። እኛ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ጀሪካኗን ተሸክማ በረንዳው ላይ ያለውን ጤና አዳም የምታጠጣው ልጄ ናት።