የባሕር ኮከብን ከፍቶ ውስጡን ማየት የሚቻለው እንዴት ነው?

የመጀመሪያውን የባሕር ኮከብ የከፈትኩ ጊዜ የመካከሉን ቆዳ እንደ ድስት ክዳን ዙሪያውን ቆርጬ አነሳሁትና ወደ ቆሻሻ መጣያው ወረወርኩት። ጨጓራውም እንቁላል ማፍሪያውም በደንብ ታይቶኝ ስለነበር ሥራው የተሳካ መስሎኝ ነበር። በመጨረሻ ውሃ በገላው የሚዘዋወርበትን መስመር ስፈልግ ግን መነሻው የለም። ከጣልኩት ክዳን ጋር አብሮ ሄዷል። ሁለተኛ ኮከብ እስካገኝ ብዙ ጊዜ ጠበቅኩ። ስለዚህ ከዚህ በታች ስለዚያች አንዲት ክፍል አብዝቼ ብጽፍ አይግረማችሁ።

መጀመሪያ የሚከፈተውን እንስሳ እንምረጥ። ለትምህርት ተብሎ በፎርማሊን ወይም በአልኮል የተጠበቀ ኮከብ ይሻላል። የደረቀው ለጌጥና ለአጽም ጥናት ይጠቅም ይሆናል እንጂ የውስጥ ክፍሎቹ ተኮማትረው ስለሚያልቁ ለመክፈት አይሆንም። በሕይወት ያለውን ለዚህ ብላችሁ ከባሕር አታውጡ። በፎርማሊን የቆየ ከሆነ በንጹሕ ውሃ ደጋግማችሁ አለቅልቁት፤ ውሃ ውስጥ ቢያድር ደግሞ የተሻለ ነው። ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር አድርጉ፤ መስኮት ክፈቱ። የፎርማሊን ትነት ለዓይንም ለሳንባም ጎጂ ነው።

መሣሪያው ጥቂት ነው፦ ጫፉ ቀጭን መቀስ፣ ወረንጦ፣ ስፒሎች፣ አጉሊ መነጽር፣ ታቹ ስፒል የሚይዝ ጠለቅ ያለ ትሪ። ብዙ መመሪያዎች ስለታም የቀዶ ጥገና ቢላ ያዛሉ፤ እኔ አልስማማም። ከቆዳው ሥር ያለው አጽም ከካልሲየም ካርቦኔት የተሠሩ ብዙ ጥቃቅን አጥንት መሰል ቁራጮች ናቸው። ቢላው በእነሱ ላይ ይደነዝዛል፤ ስትጫኑት ደግሞ ድንገት ያልፍና ከሥሩ ያለውን ለስላሳ ክፍል ይተለትለዋል።

ከመቁረጣችሁ በፊት ኮከቡን በሆዱ አስተኝታችሁ ጀርባውን ተመልከቱ። በእሾኾቹ ዙሪያ በአጉሊ መነጽር የሚታዩ ጥቃቅን መቆንጠጫዎች አሉ፤ በሕይወት ሳለ ቆዳው ላይ ሊሰፍር የሚመጣውን ሁሉ የሚያስወግደው በእነሱ ነው። በመካከላቸው ብቅ ያሉት ስስ ከረጢቶች መተንፈሻዎቹ ናቸው። አሁን ከመካከሉ ትንሽ ወጣ ብላ፣ በሁለት ክንዶች መሐል ትይዩ የተቀመጠች ክብ ጠንካራ ነጥብ ፈልጉ። ስሟ ማድሬፖራይት ነው፤ እኔ ወንፊቷ እላታለሁ፤ ውስጠኛው የውሃ መስመር ከባሕሩ ጋር የሚገናኘው በእሷ ጥቃቅን ቀዳዳዎች በኩል ነውና። እሷን ሳታገኙ መቀስ አታንሱ። ስታገኟት ከአጠገቧ ስፒል ሰክታችሁ ምልክት አድርጉ። ከዚያ ገልብጣችሁ አፉንና በየክንዱ ሥር የተዘረጋውን በቱቦ እግሮች የተሞላ ቦይ እዩና መልሳችሁ አስተኙት።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ሥራ እንግባ። ትሪውን ኮከቡ እስኪሸፈን በውሃ ሙሉት። ይህን ብዙ ሰው ይዘልለዋል፤ ነገር ግን ለስላሳዎቹ ክፍሎች በአየር ላይ እርስ በርሳቸው ይጣበቃሉ፣ በውሃ ውስጥ ግን ይንሳፈፉና እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል። ከወንፊቷ በተቃራኒ በኩል ያለውን ክንድ ምረጡ፣ ጫፉን ጥቂት ቁረጡ፣ በቀዳዳው መቀሱን አስገብታችሁ በክንዱ ግራና ቀኝ ጠርዝ እስከ መሐሉ ድረስ ሂዱ። የመቀሱ ጫፍ ሁልጊዜ ወደ ላይ፣ ወደ ቆዳው ይደገፍ። ወደ ታች ካዘነበለ የምትፈልጉትን ነገር ራሱን ትቆርጣላችሁ።

ቆዳውን ስታነሱ አትሳቡት። ከሥሩ ያሉት የምግብ መፍጫ ዕጢዎች በስስ ሽፋን ከቆዳው ጣሪያ ላይ ተንጠልጥለዋል፤ ከሳባችሁት ተቀዳደው አብረው ይነሣሉ። በአንድ እጅ ቆዳውን በጥቂቱ ከፍ እያደረጋችሁ በሌላው በወረንጦው ጀርባ ሽፋኑን ከጣሪያው አላቁት። ሁለት ተጨማሪ ክንዶችን በዚሁ መንገድ ክፈቱ፤ ወንፊቷን ግራና ቀኝ የያዙትን ሁለት ክንዶች ግን አትንኩ።

ቀጥሎ መካከሉ ነው። በክንዶቹ መጋጠሚያ ላይ ጠንካራ ግድግዳ ያጋጥማችኋል፤ ቁረጡት። ወደ ወንፊቷ ስትቃረቡ ግን መቀሱን አዙራችሁ በዙሪያዋ እለፉ፤ እሷ ቆዳ ቀርቶላት እንደ ደሴት ብቻዋን ትቅር። ከዚያ የቀረውን ቆዳ አንሡ። መሐሉ ላይ በቀጭን ክር የተያዘ መስሎ እንቢ ይላችኋል፤ ወደ ፊንጢጣው የሚወጣው አጭር አንጀት ነውና ከቆዳው ሥር ቆርጣችሁ ልቀቁት።

አሁን ሁሉም ፊታችሁ ነው። በየክንዱ ጥንድ ጥንድ ሆነው የተዘረጉት እንደ ቅጠል የተጨማደዱት የምግብ መፍጫ ዕጢዎች ናቸው። እነሱን ገለጥ ስታደርጉ በየክንዱ ሥር ሁለት የዘር ዕጢዎች ታገኛላችሁ፤ በመራቢያ ወቅት የተያዘ ከሆነ ክንዱን ሊሞሉት ይችላሉ። በመካከሉ ጨጓራው ሁለት ክፍል አለው፤ የታችኛው ሰፊና ስስ ነው። ብዙ ኮከቦች ይህን ጨጓራ በአፋቸው አውጥተው፣ በትንሹ በከፈቱት የዛጎል እንስሳ ውስጥ አስገብተው፣ ምግቡን እዚያው ይፈጩታል።

ጨጓራውን ቀስ ብላችሁ አንሡና ከወንፊቷ ወደ ታች የሚወርደውን ጠጣር ቱቦ ተከተሉ። የድንጋይ ቦይ ይባላል፤ ግድግዳው በካልሲየም የጠነከረ ስለሆነ በወረንጦ ስትነኩት ይታወቃችኋል። እኔ ያጣሁት እሱን ነው። ታች ደርሶ በአፉ ዙሪያ ካለው የቀለበት ቦይ ጋር ይገናኛል፤ ከቀለበቱም ለየክንዱ አንድ አንድ መስመር ይወጣል። በክንዱ ወለል ላይ ተደርድረው የምታዩአቸው ጥቃቅን ፊኛዎች አምፑላዎች ናቸው። አምፑላው ሲኮማተር ውሃው ወደ ቱቦ እግሩ ይገፋና እግሩ ይረዝማል። እግሩ ድንጋይ ላይ የሚጣበቀው አየር በመሳብ ይመስል ነበር፤ ዋናው ሥራ ግን እግሩ የሚያመነጨው ማጣበቂያ ነው፣ ለመላቀቅም ሌላ ንጥረ ነገር ያወጣል።

አንጎል አትፈልጉ፤ የለውም። በአፉ ዙሪያ የነርቭ ቀለበት፣ በየክንዱ አንድ የነርቭ መስመር፣ በየክንዱ ጫፍ ብርሃን የሚለይ ነጥብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ የጂን ጥናት እንዳሳየው በሌሎች እንስሳት ራስን የሚቀርጹት ጂኖች በኮከቡ ገላ ሁሉ ተሰራጭተዋል። ይህን ካነበብኩ ወዲህ የተከፈተ ኮከብ ባየሁ ቁጥር የማየው ክንድ ያወጣ ራስ ነው።

የባሕር ኮከቦች ብቻቸውን ወደ 1,900 ዝርያ ናቸው፤ ከዘመዶቻቸው ጋር ኤካይኖደርም የሚባለው ወገን በሕይወት ያሉ 7,000 ገደማ ዝርያዎች ሲኖሩት አንዱም በጨው አልባ ውሃ አይኖርም። ዘመዶቹን ስትከፍቱም መጀመሪያ ወንፊቷን ፈልጉ፤ ቦታዋ ከወገን ወገን ይለያያል። ክንዱ ቀጭንና ቶሎ ተሰባሪ በሆነው ኮከብ ላይ በአፉ በኩል፣ ከሥር ናት፤ የእሱ ጨጓራ ወደ ክንዶቹ አይዘልቅም፣ ፊንጢጣም የለውም። በባሕር ኪያር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በገላው ክፍተት ውስጥ ተንጠልጥላ ስለምትገኝ ከውጭ ብትፈልጓት አታገኟትም። አፉን ወደ ላይ አድርጎ የሚኖረው አበባ መሰሉ ክሪኖይድ ጭራሽ የላትም፤ በእሷ ፋንታ ብዙ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት።

የባሕር ጃርት ላይ አናቱ ላይ፣ ከፊንጢጣው አጠገብ ናት። ስለዚህ ጃርቱን ከአናቱ አትክፈቱት፤ ወገቡን ዙሪያውን ቁረጡ። የላይኛውን ግማሽ ስታነሱ ቀስ በሉ፤ የድንጋይ ቦዩ ከወንፊቷ ተነሥቶ የአርስቶትል ፋኖስ እስከሚባለው ባለአምስት ጥርስ መንጋጋ ድረስ በመሐል ተወጥሮ ነው የሚገኘው።